ለዓሣው የሚስማማ ውሃ

በሕንፃ አሥራ አራት የሚኖር ሰው ሁሉ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ለሻምበል ሰላምታ ይሰጣል። የሚያስገድድ ሕግ የለም። ነገር ግን ሰላም ሳይል ያለፈ ሰው «ምን ለቆበት ይሆን?» ተብሎ ይጠረጠራል።

ሻምበል ዓሣ ነው። የእጅ መዳፍ የሚያህል ቆሮሶ ሲሆን መኖሪያው በሕንፃው መግቢያ፣ ከደብዳቤ ሣጥኖቹ አጠገብ በቆመ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ነው። የሃያ ስምንት ቤት ፍሳሽ ተጣርቶ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ከመውረዱ በፊት በዚህ ገንዳ ያልፋል። በመዝገብ ላይ ማዕረጉ «የፍሳሽ ተቆጣጣሪ፣ ደረጃ ሦስት» ይላል። ጅራቱ ላይ የተሰካች ቀጭን ቀለበት በገንዳው ውስጥ የሚያደርገውን እንቅስቃሴ ትቆጥራለች። ሻምበል ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ በሕንፃው ያለ የቤት ላቦራቶሪ ሁሉ ለስድስት ወር ይታሸጋል፤ ውስጡ የተገኘ ሕያው ነገርም ይወገዳል።

ኤፍራታ ለሻምበል በአንገቷ ሰላምታ ትሰጣለች እንጂ አትናገርም። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። በሦስተኛው ፎቅ ብቻዋን ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት መናገር ከተወች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ በዚያ ሰዓት የሚመልስላት ሰው ስለሌለ ነው። ይህንንም ቢሆን ለማንም አላወራችም።

የእሷም ላቦራቶሪ እንደሌላው ሰው ከምድጃው ቀጥሎ ነው። በዚያ ዘመን ወተት ገዝቶ ሳይመረምር ለልጁ የሚሰጥ ወላጅ አይገኝም። ሽማግሌ የተላከበት ቤት የሙሽራውን ቤተሰብ ማር መርምሮ ነው መልስ የሚሰጠው። ኤፍራታ ግን ላቦራቶሪዋን የምታበራው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ማቀዝቀዣዋ ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ አለች፤ በላይዋ በካታሎግ ሠራተኛ የእጅ ጽሕፈት «እርሾ ቁጥር 4471። ባለቤት፦ ባሮክ» ተብሎ ተጽፏል። ባሮክ ባሏ ነበር። ይህን የጠጅ እርሾ ሃያ ዓመት አሳድጎታል። እሱ ካረፈ ወዲህ እዚያ ቤት ጠጅ ተጥሎ አያውቅም፤ እርሾው ግን በየሐሙሱ አንድ ጠብታ ማር ይበላል።

ሕጉ «ማንነቱ ያልተረጋገጠ ሕያው ነገር በመኖሪያ ቤት አይቆይም» ይላል። ኤፍራታ ይህን መስመር መጀመሪያ ያነበበችው ከቀብሩ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። ስለ ራሷ የተጻፈ መስሏት ትንሽ ደንግጣ ነበር። ኋላ ስታየው ስለ እርሾው ኖሯል። እርሾው በየዓመቱ እስከ መጋቢት አሥር ተፈትሾ ያው የተመዘገበው መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ፍተሻው ቀላል ነው። እርሾው በሳሙና ይፈነዳል፣ የውስጡ ጭማቂ በዝልግልግ ጄል ጫፍ ላይ ይደረጋል፣ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፤ ከዚያ ጄሉ ላይ የሚወጡት መስመሮች ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራሉ። ጄሉ የሚነከርበት ጨዋማ ውሃ በመጽሐፍ ስሙ በፈር ይባላል። ሰፈሩ ግን «አስታራቂ» ይለዋል፤ አሲድ ይብዛ አልካሊ ይብዛ መሃል ገብቶ ስለሚያረጋጋ።

የካቲት ሦስት ቀን 2091 ዓ.ም. ማስታወቂያ ወጣ። አስታራቂው የሚሠራባቸው ሦስት ጨዎች በሐይቁ ውስጥ ስለተጠራቀሙ ከመጋቢት አንድ ጀምሮ ተከልክለዋል። የማፈንጃው ሳሙናም ተከልክሏል። ነዋሪዎች ከተፈቀዱት አማራጮች እንዲጠቀሙ በትሕትና ይጠየቃሉ። የተፈቀዱ አማራጮች ዝርዝር፦ በዝግጅት ላይ።

የፊት ለፊት ጎረቤቷ ሐሴት ሳታንኳኳ ገባች። ሐሴት የሰፈሩን ማር የምትመረምር ሴት ናት፤ ስኳር የገባበትን ከንጹሑ ትለያለች፣ ለድካሟም ከየማሰሮው አንድ ማንኪያ ትወስዳለች። በዚህ ሥራ ዐሥራ አንድ ኪሎ ጨምራለች።

«ዝርዝሩን አየሽው?»

«ባዶ ነው» አለች ኤፍራታ።

«ባዶነቱን ነዋ የምልሽ! ሰባት ማሰሮ ማር ተቀብዬ እቤት ደርድሬያለሁ። አሁን በምኔ ልመርምረው? በምላሴ?»

«እስከ ዛሬስ በምንሽ ነበር?»

«አንቺ ደግሞ! ሰው ሲጨነቅ ትቀልጃለሽ።» ሐሴት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ዓይኗ ማቀዝቀዣው ላይ አረፈና ድምጿን ቀነሰች። «የአንቺው መቼ ነው ቀኑ?»

«መጋቢት አሥር።»

ሐሴት ስለ ጠርሙሷ ሌላ ነገር አልተናገረችም። በወዳጅነታቸው ውስጥ ያልተጻፈ ውል ነበር፤ ኤፍራታ ስለ ሐሴት ማንኪያ አትጠይቅም፣ ሐሴት ስለ ጠርሙሷ አትጠይቅም። «በቃ፣ እኛው እንፈልጋለን» አለች። «ዓሣውን የማይጎዳ፣ ሐይቁን የማይጎዳ፣ ከጓዳ የማይጠፋ።»

መጀመሪያ በሶዳ ሞከሩ። ሐሴት ሁለት ሙሉ ማንኪያ ጨመረችበት። ኤሌክትሪኩ እንደተለቀቀ ውሃው ጋለ፣ ጄሉም እንደ ቅቤ ቀለጠ፤ ወጥ ቤቱ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። በማግስቱ ሐሴት ካንዱ ዳቦ ቤት የእንጨት አመድ አምጥታ ዘፈዘፈች። በዚያኛው ጄል ላይ የወጣው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ እሱም ሲታይ የሐሴት ፀጉር ሆኖ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ኤፍራታ በሶዳው ላይ ሎሚ ጨመቀች። አረፋው ከሳህኑ ወጥቶ፣ ጠረጴዛውን አልፎ፣ የሐሴትን ነጠላ ጫማ ደረሰበት።

«ይሄ ማስታረቅ ነው? ይሄማ አምባጓሮ ነው!» አለች ሐሴት እግሯን እያነሣች።

ወሬው በሕንፃው ተዛመተ፤ ነዋሪው ሁሉ በደረጃው ላይ መድኃኒት ያዝላቸው ጀመር። የአምስተኛ ፎቁ ሰውዬ አጓት አላቸው። ከታች ያለችው ነርስ የአምቦ ውሃ አለች። ሻምበል በገንዳው ውስጥ ሶዳውንም ሎሚውንም አመዱንም እየተቀበለ በደህና ይዋኛል፤ እንዲያውም ፍጥነቱ ጨምሯል።

ኤፍራታ አንድ ከሰዓት ብቻዋን ተቀምጣ ሦስቱን የተበላሹ ጄሎች ስታያቸው ቆየች። ባሮክ ወጥ ሲያጣፍጥ «ጨው የሚጨመረው እስኪጠፋ ነው እንጂ እስኪታወቅ አይደለም» የሚል አባባል ነበረው። ተነሣች። በአንድ ሊትር ውሃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ብቻ አደረገች። ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅላ ጭማቂውን በትንሽ ሲኒ ያዘች፤ ይህ ጭማቂ አሲድ ሲበዛበት ይቀላል፣ አልካሊ ሲበዛበት ሰማያዊ ይሆናል፣ ወደ አረንጓዴም ይሄዳል። ሎሚውን በጠብታ እየጨመረች፣ ከውሃው እየቀዳች በጭማቂው ላይ እየፈተነች፣ ቀለሙ የጠዋት ሐይቅ ሲመስል እጇን ሰበሰበች። ኤሌክትሪኩን ዝቅ አደረገች፤ ከሳህኑ ሥር የበረደ አተር ከረጢት ዘረጋች። ሥራው በአርባ ደቂቃ ፋንታ ሦስት ሰዓት ወሰደ። ግን ጄሉ አልቀለጠም።

«ማን ነገረሽ ሩብ ማንኪያ?» አለች ሐሴት።

«እንዲሁ መሰለኝ» አለች ኤፍራታ።

የቀረው ማፈንጃው ነበር። የተከለከለውን ሳሙና የሚተካውን ሐሴት አመጣችው፤ ከእናቷ አገር የመጣ፣ በወረቀት የተጠቀለለ የደረቀ እንዶድ።

«ከዚህ በላይ ምን ተፈጥሮ አለ?» አለች ወረቀቱን እየፈታች። «የቅድመ አያቶቼ ነጠላ በዚህ ነው በረዶ ሲመስል የኖረው። ፋብሪካ አላየ፣ መርከብ አልተሳፈረ።»

ኤፍራታም ልቧ ሞላ። እንዶድ የአገር ሳሙና ነው፤ ማንን ይጎዳል? ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ወቀጡት፣ አረፋውን አጠለሉት፣ እርሾውን አፈነዱበት። መስመሮቹ አንድ በአንድ፣ ልክ በመዝገቡ እንዳሉት ወጡ። ኤፍራታ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ዕቃውን በቀረው እንዶድ አጠቡና ሁለት ባልዲ አረፋ ወደ ቧንቧው ደፉ። ሰኞ የፍሳሽ ሹሙን ጠርተው ፊቱ ቢደግሙትና ማኅተሙን ቢያሳርፍ ነገሩ አለቀ።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ኤፍራታ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወርድ ሻምበል በጎኑ ተኝቶ ነበር። ከገንዳው በላይ ያለው ሰሌዳ «ያለ እንቅስቃሴ፦ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ» ይላል።

ተመልሳ ወጣችና የሐሴትን በር ደበደበች።

«ሞተ?» አለች ሐሴት በሌሊት ልብሷ እየሮጠች ወርዳ መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን እየለጠፈች።

«አፉ ይንቀሳቀሳል። ቀለበቷ ግን አፍ አትቆጥርም። እስከ አምስት ሰዓት ገደማ ካልዋኘ ሞቷል ተብሎ ይመዘገባል።»

«ወይኔ ማሮቼ!» አለች ሐሴት። ከዚያ የጓደኛዋን ፊት አየችና ማሩን ተወችው። «ባልዲ አምጪ።»

ቀኑ ሰንበት ነው፤ ከሕንፃው ሰው ገሚሱ ቅዳሴ ሄዷል፣ ገሚሱ ተኝቷል። ሻምበልን በባልዲ ይዘው ሦስት ፎቅ ወጡና በኤፍራታ የገላ መታጠቢያ ገንዳ፣ በንጹሕ ውሃ ውስጥ አስተኙት። የላይኛውንም የታችኛውንም ቧንቧ ከፍተው መግቢያው ላይ ያለው ገንዳ እንዲታጠብ ተዉት። ቀለበቷን ኤፍራታ በስፌት መቀስ ፈትታ መሐረቧ ጫፍ ቋጠረቻት። ከዚያ ባልዲያቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ ሮጡ፤ ሁለቱም ከሮጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

ቀይ ሻርፕ ያሰረች ዓሣ ሻጭ ቢላዋዋን አንሥታ ጠበቀቻቸው። «ለጥብስ ነው ለሾርባ?»

«በሕይወቱ ነው የምንፈልገው» አለች ሐሴት እያለከለከች። «ለሥራ።»

ኤፍራታ ሴትዮዋ ትስቃለች ብላ ጠበቀች። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ቢላዋዋን አስቀምጣ «ለሥራ የሚሆኑት በዚያኛው በርሜል ናቸው» አለች። በርሜሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ የእጅ መዳፍ ያህሉ ነበር። «የቀድሞው ምን ሆኖ ነው?»

«እንጃ እናቴ። በእንዶድ ዕቃ አጠብን እንጂ ምንም አላደረግንም» አለች ሐሴት።

ሻጯ አሁን ሳቀች፤ በርሜሉን እስክትደገፍ ሳቀች። «አያቴ መንጠቆ ሲጠፋበት ወንዝ ላይ ምን የሚረጭ ይመስላችኋል? እንዶድ ልብስ ያነጣል፣ ዓሣ ይፈጃል። ቶሎ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ከገባ ግን ስካሩ ሊለቀው ይችላል።»

ሐሴት እስከ ሕንፃው ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ይህ ራሱ በሰፈሩ ታሪክ የሚመዘገብ ነበር። አራት ሰዓት ከአርባ ላይ አዲሱ ዓሣ ቀለበቷን ጅራቱ ላይ አድርጎ በመግቢያው ገንዳ ውስጥ ይዞር ጀመር። ሰሌዳው ወደ ዜሮ ተመለሰ።

ሰኞ ረፋድ የፍሳሽ ሹሙ አቶ ዳንጊሶ ሳይጠራ መጣ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጫማው ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ሰው ነው። ሁለቱን ሴቶች መግቢያው ላይ አገኛቸው።

«ሻምበል ትናንት አምስት ሰዓት ከአርባ ስድስት ደቂቃ አልተንቀሳቀሰም» አለ ወረቀቱን እያየ። «ከዚያ በኋላ ደግሞ ያለ ዕረፍት ሃያ አራት ሰዓት ዋኝቷል።»

«ሰንበት ነዋ!» አለች ሐሴት። «ዐርፎ ተነሣ።»

«ወፍሯልም።»

«ሕንፃው በፍቅር ነው የያዘው፣ ልጄ።»

አቶ ዳንጊሶ በወረንጦ ከዓሣው አንድ ቅርፊት ወሰደ። «ጠባዩ የተለወጠ ተቆጣጣሪ ማንነቱ ይፈተሻል። ደንብ ነው» አለ። ቅርፊቱን በጠርሙስ ከተተ፤ ግን አልሄደም። ግራ ቀኝ አየና ወደ ኤፍራታ ጠጋ አለ። «እትዬ ኤፍራታ፣ ከእርስዎ ቤት ፍሳሽ ለሳምንታት ሶዳና ሎሚ ይወርዳል። ሰላጣ ነው እንዳልል ብዛቱ የአንድ ሆቴል ነው። ልጠይቅዎት... አስታራቂ ሠርተዋል እንዴ?»

«ብሠራስ?»

«የእኛ ጽሕፈት ቤት ከመጋቢት አንድ ወዲህ አንድም ፍተሻ አልሠራም» አለ ጫማውን እያየ። «ጨዎቹን የከለከልነው እኛ፣ ሌላ የሌለን እኛ። ይሠራል?»

ሐሴት የኤፍራታን እግር ረገጠች። መርገጥ አያስፈልግም ነበር፤ ኤፍራታም አስባዋለች። አይሠራም ካለች የዓሣው ነገር ተዳፍኖ ይቀራል፤ ከነገ ወዲያ ግን መጋቢት አሥር ነው፣ ጠርሙሷም ትሄዳለች። ይሠራል ካለች ያ ውሃ የመጀመሪያ ሥራው የመግቢያው ዓሣ ሐሰተኛ መሆኑን መመስከር ይሆናል።

«ይሠራል» አለች። «ና፣ ግባ።»

በዚያ ቀን ጄሉ ላይ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ተቀመጠ፤ በቀኝ የባሮክ እርሾ፣ በግራ የመግቢያው ዓሣ ቅርፊት። እንዶድ የሚባል ነገር አልነካውም፤ ኤፍራታ ሁለቱንም በፈላ ውሃ ነው ያፈነዳቻቸው። ሦስት ሰዓት ይጠብቃሉ። አቶ ዳንጊሶ ዳቦ በማር ቀረበለትና በላ። በመሃል ከመታጠቢያ ቤቱ በኩል ጩፍ የሚል የውሃ ድምፅ መጣ።

ሐሴት ሳል ያዛት።

«ቧንቧው ነው» አለች ኤፍራታ።

«ልየው? እጄ ለቧንቧ መጥፎ አይደለም።»

«ቁጭ በል፣ እንግዳ ነህ።»

ጩፍ፣ ጩፍ አለ እንደገና፤ በዚህኛው ከበፊቱ ጠንከር አለ። ሐሴት በዚህ ምክንያት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትስል ዋለች።

መስመሮቹ ወጡ። አቶ ዳንጊሶ መነጽሩን አድርጎ በመጀመሪያ ቀኙን ከመዝገቡ ጋር አመሳከረ። «እርሾ 4471 ያው ነው። አንድም አልተለወጠ።» ማኅተሙን አወጣ፤ ወረቀቱ ላይ ግን እጁ ቆመ። «ባለቤት፣ ባሮክ ይላል። አሁንም?»

«አሁንም» አለች ኤፍራታ።

ማኅተሙን መታ። ከዚያ ወደ ግራው ዞረና መስመሮቹን አንድ በአንድ በጣቱ ተከተለ። ሐሴት መሳሏንም ተወች።

«ይሄ ዓሣ ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም።»

ሐሴት የማሩን ሳህን ወደ እሱ ገፋ አደረገች።

«ያለፈውም ግን አይገጥምም ነበር» አለ አቶ ዳንጊሶ መነጽሩን እያወለቀ። «መዝገቡ ላይ ያለው የመጀመሪያው ሻምበል ነው። እሱ በ2086 ሞቷል። ሁለተኛውን ከእኔ በፊት የነበረው ሹም ገዛ። ሦስተኛውን ከሁለት ዓመት በፊት የገዛሁት እኔ ነኝ።» ማሩን በዳቦው ጠረገ። «ከባለ ቀይ ሻርፗ ሴትዮ ነው የገዛችሁት?»

«ከዚያኛው በርሜል» አለች ሐሴት በቀጭን ድምፅ።

«እኔ ደግሞ ለእኔ ብቻ የለየችው በርሜል ይመስለኝ ነበር።»

ጄሉን በእጁ አንሥቶ ወደ ቆሻሻ መጣያው ጣለው። ከቦርሳው ዝርዝሩን አወጣ፤ ያንኑ በዝግጅት ላይ የነበረውን። «የመጀመሪያው የተፈቀደ አማራጭ። ስሙን ምን ልበለው?»

«የኤፍራታ ሎሚ በለው!» አለች ሐሴት።

«ስም አያስፈልገውም» አለች ኤፍራታ። «መጠኑን በትክክል ጻፍ። ሩብ የሻይ ማንኪያ። ሰው አብዝቶ እንዳይጨምር።»

ጻፈ። በስተመጨረሻም ሐሴትን አየት አድርጎ «እንዶድ ክልክል» ብሎ አከለ። በሩ ላይ ሲደርስ በአገጩ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አመለከተ። «ቧንቧውስ?»

«ጡረታ ወጥቷል» አለች ኤፍራታ።

ከዚያ ወዲህ በሕንፃ አሥራ አራት ሁሉም ነገር እንደ ደንቡ ነው። ነዋሪው ጠዋት ሲወጣ በመግቢያው ላለው ሻምበል ሰላምታ ይሰጣል፤ ወፈር ማለቱን ያስተዋሉ ሰዎች የሹመት ዕድገት አግኝቶ ይሆናል ይላሉ። ኤፍራታ በባልዲ ትታጠባለች፤ የመታጠቢያ ገንዳው ተይዟል። በመጋቢት ሃያ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ጥርሷን ልትፍቅ ገባች። ከጎኑ ተነሥቶ በደንብ የሚዋኘው አሮጌው ሻምበል ወደ እሷ ዞረና አፉን ከፈተ፣ ዘጋ።

«እንደምን አደርክ» አለችው።

ድምጿ ጎርነን ብሎ ወጣ። ጉሮሮዋን ጠርጋ ደገመችው።

በሕጉ አነጋገር፣ በዚያ ቤት የባሮክ እርሾ ማንነቱ ተረጋግጧል። ያልተረጋገጡት ሕያዋን ነገሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ እስካሁንም እዚያው ይቆያሉ።